ሎው ካርብ በመሃል አዲስ አበባ፦ እንጀራ ሲቀነስ ምን ይበላል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የደም ስኳርሽ ከፍ ማለት ጀምሯል ተብዬ ካርቦሃይድሬት ቀንሼ መብላት ይዣለሁ። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 እስከ 125 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ ሐኪሞች ቅድመ ስኳር ይሉታል። እኔ እዚያ ውስጥ ነኝ። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ምሳዬን ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ባገኘሁበት እበላለሁ።

አንድ ነገር ልበል። ለዚህ አመጋገብ የሚሆን ምግብ ከድሮም እዚሁ አለን። ክትፎ ያለ ቆጮ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ጎመን፣ አቮካዶ። በእነዚህ ለመጥገብ ከሱፐርማርኬት ውድ የአልመንድ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። ስኳር አለብህ የተባለ ሰው እንጀራውን ይተውና በሶ፣ ቆሎ፣ አጃና ማር ይይዛል። ጤናማ ናቸው ሲባል ስለሰማ ነው። በሶም ቆሎም ገብስ ናቸው። 100 ግራም አጃ ውስጥ 66 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። 100 ግራም ማር ውስጥ ደግሞ 82 ግራም ያህል። እነዚህን እየበሉ ካርቦሃይድሬት ቀንሻለሁ ማለት አይቻልም።

በቀን የሚበላው ካርቦሃይድሬት ከ130 ግራም በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ ሎው ካርብ ይባላል። ከ20 እስከ 50 ግራም ድረስ ሲወርድ ኪቶ ነው። እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው።

ጥያቄዬ፦ በጾም ቀን ምን ትበላላችሁ? ከቤት ውጭ ምሳ የምትበሉስ ምን ብላችሁ ታዛላችሁ?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ በጣም ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይቸገር መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የራሴንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።

መልስ 1፦ ከአራት ኪሎ የጻፈች እህት ናት። በመልካም ምኞት ጀምራ የራሷን ዘዴ ነገረችን። እንጀራን ጨርሳ አልተወችም፤ አንድ ሙሉ ትበላ የነበረውን ወደ ሩብ አወረደችው። ከዚያ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ቀየረች። መጀመሪያ ጎመኑንና ሥጋውን በሹካ ትበላለች፤ እንጀራዋ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከምግብ በኋላ ስኳሯ እንደ ድሮው እንደማይወጣ በመለኪያዋ አይታለች። አትክልትና ፕሮቲን ማስቀደም ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ እንደሚቀንስ በጥናትም ታይቷል። ወጪ የለውም። ዛሬ ማታ መሞከር ይቻላል።

መልስ 2፦ ዕድሜ የጠገቡ አባት ናቸው። ልጆቼ እያሉ ነው የሚጽፉት። ጥቁር ጤፍ ስኳር የለውም ባይ ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ ነጩን ትቶ ጥቁሩን እስኪጠግብ ቢበላ ምንም አይሆንም ይላሉ። እሳቸውም የጓደኞቻቸውም ቤት የሚበላው እንዲህ ነው። ይህ አስተያየት ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። ከተማው ውስጥ በየቤቱ የሚሰማ ነገር ስለሆነ አልገረመኝም።

መልስ 3፦ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ ያለ ወጣት በአክብሮት አረማቸው። አባቴ ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። 100 ግራም የጤፍ እህል 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ 8 ግራም ያህል ፋይበር (ሆድ ውስጥ የማይፈጭ፣ ስኳር የማይሆን ክፍል) እና 13 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዳለው ጻፈ። ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ውስጡ ያለው ስታርች (ዋናው ካርቦሃይድሬት) ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ መጨረሻው ግሉኮስ፣ ማለትም የደም ስኳር ነው። ጤፍ ግሉተን (ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም የሚባለው እውነት ነው፤ ያ ግን ከስኳር ጋር አይገናኝም። እንጀራ ብዙ ውሃ ስለያዘ በግራም ሲሰላ ቁጥሩ ይወርዳል። ይሁን እንጂ እኛ እንጀራን በግራም መዝነን አንበላም። አንዱ ተዘርግቶ፣ ጭማሪው ተጠቅልሎ ጎን ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የእኔ ሐሳብ፦ ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ፋይበሩም ፕሮቲኑም ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይሻላል። እስኪጠግቡ ይበላ የሚለው ምክር ግን ሰው ይጎዳል። የስኳር ሕመምተኛ ጥቁር ነው በሚል እምነት ሁለት እንጀራ በልቶ፣ ማታ መለኪያው ሲያስደነግጠው መድኃኒቱን ይጠራጠራል።

መልስ 4፦ አጭርና ቁጡ ነው። ኪቶ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ እኛ ጋ ምን አመጣው የሚል።

መልስ 5፦ ለ4ኛው የተሰጠ ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው ይመስላል። ኪቶ የተባለው አመጋገብ የተጀመረው ለክብደት አልነበረም አለ። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ራስል ዋይልደር የተባለ ሐኪም ለሚጥል በሽታ ያቀረበው ሕክምና ነው። ዛሬም መድኃኒት ያልሠራላቸው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት በሐኪም ክትትል ይታከሙበታል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ለስኳር ሕመምተኛ የነበራቸው ዋና መሣሪያ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ነበር። እኔ ይህን መልስ ወድጄዋለሁ። የመቶ ዓመት ታሪክ ያለውን ነገር ትናንት ከስልክ እንደመጣ አድርጎ ማጣጣል ትክክል አይደለም።

መልስ 6፦ ሽሮና ምስር ፕሮቲን አይደሉም ወይ ብላ አንዲት እህት ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንደናገረው። ፕሮቲን አላቸው፤ ካርቦሃይድሬትም አላቸው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 8 ግራም ፋይበርና 9 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ሁሉም በግምት ነው። እንደ እኔ ሎው ካርብ ለሚበላ ሰው አንድ ጭልፋ ምስር ያለ ችግር ይገባል። ኪቶ ለያዘ ሰው ግን የቀኑን ድርሻ ቶሎ ይበላበታል። ሽሮውን ከእንጀራ ጋር ስንበላ ደግሞ ካርቦሃይድሬትን በካርቦሃይድሬት ነው የምንጎርሰው።

መልስ 7፦ እባካችሁ ይህን ማንም ሳያነብ እንዳያልፍ። ጸሐፊዋ ነርስ ናት። አንድ ጎረቤቷ ከስልክ ላይ ያየውን ሰምቶ እንጀራና ዳቦ በአንድ ጊዜ አቆመ። መድኃኒቱን ግን በድሮው መጠን ቀጠለ። ታክሲ ተራ ላይ ቆሞ ሳለ ስኳሩ ወርዶ ወደቀ። ሰዎች ሰክሯል ብለው አልፈውት ነበር።

ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት አለች። መጠኑ መስተካከል ይኖርበታል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ብቻውን ብዙውን ጊዜ ስኳርን ከሚገባው በታች አያወርድም። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ደግሞ ኪቶ ቢጀምሩ ደማቸው አሲድ እንዲበዛበት የሚያደርግ አደገኛ ሁኔታ ሊመጣባቸው ይችላል። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውም ሥጋ ከማብዛቱ በፊት መመርመር አለበት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብና መደናገር የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። ሰውየው መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ይሰጠው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ሆስፒታል ነው የሚወሰደው።

እውነቱን ለመናገር ከክሩ ሁሉ ትልቁ መልስ ይህ ነው። የምግብ ዝርዝር በየቦታው ይገኛል። ይህን የሚነግረን ሰው ግን ጥቂት ነው።

መልስ 8 እና 9፦ አንዱ አመሰገናት። ሌላው እናቱ ግሊቤንክላማይድ እንደሚወስዱ አሁን ገና እንዳወቀ ጻፈ። ነገ ሐኪም ጋ እወስዳቸዋለሁ ብሏል።

መልስ 10፦ ወደ ጾሙ ጥያቄ የገባችው እዚሁ ፒያሳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ ያደገች እናት ናት። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ቢሆን አያስጨንቅም ትላለች። ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ሲወጡ ገበታው ላይ የሚቀረው ጥራጥሬና እንጀራ ነው። ስለዚህ ማሰብ የሚያስፈልገው ቀድሞ ነው።

የእሷ የጾም ገበታ ይህን ይመስላል። ጎመን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ በርከት ብሎ። ጥቅል ጎመን፣ ግን ድንቹ ወጥቶ። ፎሶሊያ። እንጉዳይ በቃሪያና በሮዝመሪ እንደ ጥብስ ተጠብሶ። አቮካዶ በሎሚ፣ በቲማቲምና በቃሪያ። 100 ግራም አቮካዶ 9 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ቢኖረውም 7 ግራም ገደማው ፋይበር ነው። ከዚያ ተልባ። ይህቺ የተናቀች ፍሬ ናት ለጾም የምትሆነው። በ100 ግራም ውስጥ ካለው 29 ግራም ካርቦሃይድሬት 27ቱ ፋይበር ነው። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ በጨውና በሚጥሚጣ ትበላዋለች። ማር አትጨምርበትም። ውሃ በደንብ ካልተጠጣበት ሆድ እንደሚያደርቅም አስጠንቅቃለች። ሰሊጥና ኦቾሎኒም በልክ ይገባሉ። ሱፍ ደግሞ ፍትፍት ሳይሆን ውሃው ብቻ።

እኔ ባለፈው ዓርብ እንጉዳዩን ሠርቼዋለሁ። ምስር በጭልፋ ጨምሬበት እስከ ማታ ይዞኛል።

መልስ 11፦ ታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ የሚሠራ ወንድም ጾም ሲባል ረመዳንንም አትርሱ ብሎ በትሕትና ገባ። በእነሱ በኩል ችግሩ የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ማፍጠሪያው ነው። ሳምቡሳ፣ ጁስ፣ ሾርባ ከነዳቦው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀርባል። ተምሩን አንድ ወይም ሦስት ብሎ ማቆም፣ ከዚያ ወደ ሥጋና ሰላጣ መሄድ ነው ያዋጣው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ይጠይቅ ብሎ 7ኛውን መልስ ጠቀሰ።

ከመልስ 12 እስከ 15፦ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሳ። ቃላቱ ጠነከሩ። አንዱ ሌላውን ሃይማኖት አታስተምረኝ ድረስ ሄደ። እኔ አስታራቂ ለመሆን አልሞከርኩም። ይህን የሚመልስላችሁ የንስሐ አባታችሁ ነው፤ የምግብ ውይይት ሊፈርደው አይችልም። ዓሣ ካርቦሃይድሬት የለውም፤ ከእኛ ርዕስ አንጻር የሚባለው ይኸው ነው። ዱቄት ነክሮ የሚጠበሰውን ግን ያለ ዱቄት አድርጉልኝ በሉ።

መልስ 16፦ ይህ ከሁሉ የመረረው ነበር። ወጣት ነው፤ ልደታ አካባቢ ተከራይቶ ይኖራል። ክትፎና ጥብስ በሚል ዝርዝር ማን ላይ ነው የምትቀልዱት አለ። የእሱ ምሳ ሽሮ ነው፤ ሥጋ የሚያየው በዓል ሲመጣ ነው። ይህ የሀብታም አመጋገብ ነው ብሎ ዘጋው።

ቁጣው ይገባኛል። ሥጋ ተወዷል፣ እንቁላልም ተወዷል። ይህን ያልተናገረ የአመጋገብ ምክር ለአብዛኛው ሰው አይጠቅምም። ሆኖም ካርቦሃይድሬት መቀነስ ማለት ሥጋ መጨመር ብቻ አይደለም። ሻይ ውስጥ ያለውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ማውጣት ገንዘብ አያስወጣም፤ እንዲያውም ይቆጥባል። ለስላሳውን መተው እንዲሁ።

መልስ 17 እና 18፦ ለእሱ የመጡ ተግባራዊ ሐሳቦች ናቸው። አንዷ ከመርካቶ ተልባና ኦቾሎኒ በኪሎ ገዝታ ቤቷ ትፈጫለች፤ ከሱቁ በጣም ይረክስላታል። ጎመንና ጥቅል ጎመንም ሆድ ሞልተው ኪስ አይጎዱም። ሌላው ስለ ጉበትና ጨጓራ ጻፈ፤ ከሥጋው ዋጋ ያንሳሉ። ጨጓራ ካርቦሃይድሬት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጉበት ጥቂት አለው፣ አያሳስብም። ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች አጥንቱን ለመረቅ ቢያስቀሩ ለሳምንታት እንደሚሆን ጨመረ። ሽሮውም ቢሆን ወፈር ብሎ፣ እንጀራው ቀንሶ፣ ጎመን ታክሎበት ቢበላ ለወጣቱ ለውጥ አለው። ወጣቱ ተመልሶ አመስግኗል። ድምፁም ለዘብ ብሏል።

ከመልስ 19 እስከ 22፦ ከርዕስ ወጣን። አንዱ ርካሽ አቮካዶ አሁን የት ነው የሚገኘው አለ። ይህን ጊዜ የድሮው አትክልት ተራ ትዝታ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት መሄዱ፣ ከመሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ርቀቱ። ከዚያ ወሬው ፒያሳና ካዛንቺስ ስለፈረሱት ምግብ ቤቶች ሆነ። የሚወዱት ክትፎ ቤት የት እንደገባ የሚጠይቁ ብዙ ነበሩ። እኔም የምጠይቀው አንድ አለኝ። ለማንኛውም ለአቮካዶው የተሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ለቤት በብዛት የሚገዛ ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ ኃይሌ ጋርመንት ቢሄድ ያዋጣዋል፤ ለአንድ ለሁለት ፍሬ ግን የሰፈር ጉሊት ይበቃል።

መልስ 23 እና 24፦ ቅቤ። አንዲት እናት ከገዛችው ቅቤ ሲነጠር ባዕድ ነገር ወጥቶ አይታለች፤ ተናዳለች። ሾላ ገበያ የሚነግድ ሰው ነጋዴውን ሁሉ በአንድ ዓይን አትዩ ብሎ ተሟገተ። ምክሩ ጥሩ ነው፦ ከምታውቁት ደንበኛ ግዙ፤ መጀመሪያ ትንሽ ወስዳችሁ ቤት አንጥራችሁ እዩት። ንጹሕ ሲሆን አተላው ትንሽ ነው፤ ሽታውም አያታልልም።

መልስ 25፦ ቅቤ ካርቦሃይድሬት የለውም ተብሎ በጭልፋ መብላት አይደለም የሚል ነው። ጠጣር ስብ ሲበዛ አንዳንድ ሰው ላይ መጥፎው ኮሌስትሮል በጣም ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ መለካት ነው። እስማማለሁ። አቮካዶ፣ ኦቾሎኒና ዓሣ ከቅቤው ቦታ ቢካፈሉ ለልብ ይሻላል።

መልስ 26፦ ጥሬ ሥጋ ለሚያዘወትሩ የኮሶ ትል ማስታወሻ። ለብለብም አይበቃም፤ ሥጋው ውስጡ ድረስ መብሰል አለበት።

መልስ 27፦ ይኼ ሁለተኛው ጥያቄዬን የመለሰው ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ አስተናጋጅ የነበረ ሰው ጻፈው። ምግብ ቤት ስትገቡ የምትፈልጉትን ግልጽ አድርጋችሁ ተናገሩ ይላል። ደረቅ ጥብስ ስታዙ እንጀራ ይቅር፣ በምትኩ ጎመን ወይም ሰላጣ ጨምሩልኝ። ክትፎ ከሆነ ቆጮው ይቅር፣ አይብና ጎመኑ ይብዛ። ጎመን በሥጋ ካለ እሱ ራሱ ሙሉ ምሳ ነው። ቅቅል ድንች ከገባበት ድንቹን ለይታችሁ ተዉት። ቁርስ ላይ እንቁላል ፍርፍር ያለ ዳቦ፤ ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ እጅ ስለማያርፍ መጀመሪያውኑ አታምጣ በሉት። ጁስ ቤት ውስጥ አቮካዶ ራሱ ሳይሆን የሚጨመርበት ሽሮፕ ነው ችግሩ፤ ያለ ስኳር በሎሚ ይሠራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው፤ ሻይ በቀን አራት ጊዜ በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ጠጥቷል። ጠጅና ቢራ እንዲሁ ይቆጠራሉ። ቡና ያለ ስኳር ግን አይቆጠርም። እኔ ይህን ይዤ ለገሃር ሞክሬዋለሁ። አስተናጋጇ ሳትገረም ጎመኑን ጨምራ አመጣችልኝ።

መልስ 28፦ መጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትና ድካም ያሠቃየው ሰው ምክንያቱን ጠየቀ። የላብራቶሪው ወጣት (መልስ 3) ተመልሶ አስረዳው። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳር (ግላይኮጅን) ያልቃል፤ አብሮት ውሃና ጨው ይወጣል። መጀመሪያ በፍጥነት የሚወርደው ኪሎም ባብዛኛው ውሃ ነው። መረቅ በጨው መጠጣት ይረዳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ጨው በራሱ ፈቃድ አይጨምር።

መልስ 29፦ የተማረና ስለታም ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በ609 ሰዎች ላይ ለ12 ወራት የተደረገ ጥናት ካርቦሃይድሬት በቀነሱትና ስብ በቀነሱት መካከል ይህ ነው የሚባል የክብደት ልዩነት አላሳየም አለ። ስለዚህ ይህን ሁሉ ምን አደከማችሁ ነው ነገሩ። ጥናቱን በትክክል ነው የጠቀሰው። ለክብደት ብቻ ለሚያስብ ሰው፣ አንዱ መንገድ ካልተመቸው በሌላው መሄድ ይችላል ማለት ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ስኳር ነው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሪፖርት፣ የደም ስኳርን ለማሻሻል ብዙ ማስረጃ ያለው መንገድ አጠቃላይ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ እንደሆነ ጽፏል። ሁለቱ አይጋጩም።

መልስ 30፦ የአምስት ወር ሕፃን የምታጠባ እናት ኪቶ ልጀምር ወይ አለች። ነርሷ ከደቂቃዎች በኋላ መለሰችላት፤ መልስ 31 ነው። እህቴ አሁን አይሆንም አለቻት። በጡት ማጥባት ወቅት ካርቦሃይድሬት በጣም የቀነሱ እናቶች ደማቸው አሲድ በዝቶበት ሆስፒታል የገቡበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስኳሩን፣ ለስላሳውንና ብስኩቱን አቁሚ፣ እንጀራሽን በልክ ብዪ፣ ጎመንና እንቁላል ጨምሪ ብላታለች። ነፍሰ ጡር ለሆኑም ኪቶ በራስ ውሳኔ እንዳይጀመር አሳስባለች።

ነርሷ ማታ ማታ ክሩን እንደምታይ ነግራናለች። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የመድኃኒታችሁን ስም እየጻፋችሁ ጠይቋት፤ ለውጥ የምታደርጉት ግን የራሳችሁን ሐኪም ካነጋገራችሁ በኋላ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ባለው መንገድ በጾም ቀን እንጉዳይ ወይም ፎሶሊያ የሚሠራ ምግብ ቤት የምታውቁ ደግሞ ጻፉልን።